ሪጀን ያስገጠምኩት ለባትሪው አይደለም፣ ለፍሬኑ ነው

ቤቴ ሽሮ ሜዳ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት። በኤሌክትሪክ ብስክሌት መመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ ዳገቱን ሞተሩ ቻለልኝ። ያስመረረኝ ቁልቁለቱ ነው። እኔ፣ ብስክሌቱና ቦርሳዬ አንድ ላይ ወደ 110 ኪሎ እንሆናለን። ይህን ሁሉ ክብደት ጨብጠው የሚይዙት ትንንሽ የፍሬን ፓዶች ናቸው። ስድስት ኪሎ ስደርስ የኋላው ዲስክ የውሃ ጠብታ ቢነካው ይንጨረጨራል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ አሸዋና ጭቃው ፓዱን እየፈጨ ይጨርሰዋል። አዲስ ፓድ ፍለጋ መዞር ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የተገኘውም ሁሉ አይገጥምም።

ስለዚህ ሪጀን አስገጠምኩ፤ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ እየያዘ መብራት ወደ ባትሪው የሚመልስበት ዘዴ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ታውቁታላችሁ። እግር ከመስጫው ሲነሳ መኪናው በራሱ ይይዛል፣ ባትሪውም ትንሽ ይሞላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ስለተሞላ፣ ነገሩ ለብዙ ሰው እንግዳ አይደለም። ብስክሌት ላይ ግን ሠርቶ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው።

ያሠራሁበት ቤት መርካቶ ውስጥ ያለ ሞተር ጠምጣሚ ቤት ነው። ሰሌዳ የለውም። ግድግዳው ሥር የወፍጮ ሞተርና የውሃ ፓምፕ ተደርድሯል። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መዳብ ሲጠመጥሙ የኖሩ። የብስክሌቱን ሥራ የያዘው ልጃቸው ነው። እሱ ላፕቶፕ ይከፍታል፣ እሳቸው ሞረድ ያነሳሉ። የቤቱ ጥንካሬም ድክመትም ከዚሁ ይመጣል። ብረት ላይ አባትየውን የሚያህል አላየሁም። ስለ ባትሪ ሲነሳ ግን ልጁ ቸኩሎ ያልፈዋል፤ ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም።

«ጋሼ፣ ሞተርዎ ማርሽ አለው የለውም?» አለኝ ገና ብስክሌቱን ሳስገባ።

ጥያቄው ሁሉን ነገር ይወስናል። ጎማው መሃል የሚቀመጠው ሞተር፣ ሃብ ሞተር የሚሉት፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ትንሽና ቀለል ያለ ሆኖ ውስጡ ማርሽ አለው። ከማርሹ ጋር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን ተገጥሟል። ሞተሩ ጎማውን ይነዳል፣ ጎማው ግን ሞተሩን መንዳት አይችልም። ቁልቁለት ስትለቁት ጎማው ይሮጣል፣ ሞተሩ ውስጥ ቆሟል። የቆመ ሞተር ደግሞ መብራት አያመነጭም። ሁለተኛው ማርሽ የሌለው ነው። ማግኔቶቹ ከጎማው ጋር የሚዞረው ቆብ ውስጥ ተለጥፈዋል፤ መዳቡ የማይዞረው ዘንግ ላይ መሃል ተቀምጧል። ጎማው በዞረ ቁጥር ሞተሩም ይዞራል። ይህኛው ይከብዳል፣ ሞተር ጠፍቶ ፔዳል ስትመቱ ትንሽ ይጎትታል፣ ለሪጀን ግን የሚፈለገው እሱ ነው። የእኔ ማርሽ የሌለው ነው።

ማርሽ የሌለው ከሆነ ሞተሩን መክፈት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። ዋናው ሥራ ኮንትሮለሩ ላይ ነው፤ በባትሪውና በሞተሩ መሃል ሆኖ መብራቱን የሚቆጣጠረው ሣጥን ማለት ነው። ከአንዳንድ የቻይና ኮንትሮለሮች «ኢቢኤስ» የሚባል ሽቦ ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ ጫፍና ጫፉን ማገናኘት ነው። ልጁ መጀመሪያ ይህንኑ አድርጎ «ይሞክሩትና ይመለሱ» ብሎ ያለ ክፍያ ሸኘኝ። ይሄ አሠራሩ ደስ ይላል። ሞከርኩት፣ ይሠራል። ግን የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መያዝና አለመያዝ። የፍሬኑን እጀታ ነካ ስታደርጉት ከኋላ ሰው ቦርሳችሁን የጎተተ ያህል ቀጥ ያደርጋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ትለምዱታላችሁ። የሰፈራችን እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ግን የኋላ ጎማው ሸርተት ሲል ልብ ያስጥላል። ለሽሮ ሜዳ አይሆንም።

ተመልሼ ሄድኩና ደህናውን መንገድ ያዝን። ቫንኩቨር፣ ካናዳ ያለው ግሪን ቴክኖሎጂስ የሚሠራው ፌዝረነር የሚባል ኮንትሮለር አለ፤ ሳይክል አናሊስት ከሚባል ማሳያው ጋር። የእህቴ ልጅ ለበዓል ስትመጣ በሻንጣ አመጣችልኝ። በነገራችን ላይ ባትሪ እንዲህ አይመጣም። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ ይዞ መሳፈር አይፈቀድም፤ የእኔ ባትሪ 624 ዋት ሰዓት ነው። ዘመድ አታስቸግሩ።

በአዲሱ ኮንትሮለር አያያዙ እንደፈለጋችሁት ይሆናል። የፍሬኑን እጀታ ትንሽ ስትስቡ ሪጀኑ በለስላሳው ይጀምራል። እጀታውን እንደሳባችሁ የፍጥነቱን እጀታ ስትጠመዝዙ አያያዙ እየጠነከረ ይሄዳል። ያው ለመንዳት የምትጠመዝዙት እጀታ ለመያዝም ያገለግላል ማለት ነው። መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ ቶሎ ግን እጅ ይለምደዋል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር አለ። ቀስ እያልኩ ስሄድ ሞተሩ የሚያመነጨው ምናልባት 15 ቮልት ነው፤ ታዲያ 48 ቮልት ባትሪ እንዴት ይሞላል? ዘዴው ኮንትሮለሩ ውስጥ ነው። የሞተሩን ሽቦዎች በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እርስ በርስ ያገናኛቸዋል፣ ይለቃቸዋል። ሲያገናኛቸው መዳቡ ውስጥ ከረንት ይጠራቀማል። ሲለቃቸው ከረንቱ ባንዴ መቆም ስለማይችል ቮልቱ ሽቅብ ይወጣና ወደ ባትሪው ይገፋል። ስለዚህ የእግር መንገድ ያህል እስክትዘገዩ ድረስ ይይዛል። መጨረሻዋ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያቆማችሁ ያው የድሮው ፍሬን ነው። ፍሬኑን አውልቆ መጣል የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ አባትየው ሥራ ልምጣ። ለእኔ የዚህ ቤት ዋጋ እዚህ ጋ ነው።

የሞተሬ ዘንግ 14 ሚሊ ውፍረት አለው። ሁለት ጎኑ ተልጦ 10 ሚሊ ይሆናል፤ ያ የተላጠው ክፍል ፍሬሙ ጫፍ ላይ ካለው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ጎማውን ወደፊት ሲነዳ ዘንጉ ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል፤ ስንጥቁ አይዞርም ብሎ ይይዘዋል። ሁልጊዜ ወደፊት ብቻ ከሆነ ዘንጉ አንዱን ጎን ተደግፎ ይቀመጣል። ሪጀን ሲገባ ግን ግፊቱ ይገለበጣል። ንዳ፣ ያዝ፣ ንዳ፣ ያዝ። በያንዳንዱ ጊዜ ዘንጉ ለዓይን በማይታይ መጠን ይወዛወዛል። ዳዶው ይላላል፣ ስንጥቁ እየሰፋ ይሄዳል። በመጨረሻ ዘንጉ አምልጦ ይዞርና ከመሃሉ የሚወጡትን ሽቦዎች ቆርጦ ይጥላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በጣም በምትይዙበት ሰዓት፣ ማለትም ቁልቁለት ላይ ነው።

ብስክሌቱ ሲሸጥ ዘንጉ እንዳይዞር የምትይዝ አንዲት ስስ ማገጃ በአንድ ጎን ብቻ ነበረችው። አባትየው በጣታቸው ነካክተው አዩዋት። «ሁለቱንም ጎን ካልያዝነው አልሠራም። ሌላ ቦታ ውሰደው» አሉኝ። ደንበኛ እንዲህ ሲባል የማይወድ አለ፣ እኔ ግን ወደድኳቸው። ከምናለሽ ተራ 6 ሚሊ ላሜራ አስመጡ። በዘንጉ ቅርጽ ቀዳዳ አስወጡለትና የቀረውን በሞረድ እየፋቁ፣ እየለኩ፣ ደግሞ እየፋቁ ሲያስተካክሉ ዋሉ። በእጅ ተገፍቶ ከገባ ሰፍቷል ማለት ነው አሉ፤ በመዶሻ ቸብ ቸብ ተደርጎ ነው መግባት ያለበት። ሌላኛው ጫፉ በወፍራም ቡሎን ከፍሬሙ ጋር ታሰረ። ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ዳዶዎቹን ድጋሚ ለማጥበቅ እንድመለስ ነግረውኝ ነበር። ስመለስ ያን ያህል የሚጠብቅ ነገር አልነበረም። እስካሁን ንቅንቅ አላለም።

ብረት ፍሬም ላይ ይህን ይሠራሉ። የፊት ጎማ ላይ፣ በተለይ አሉሚኒየም ሹካ ከሆነ፣ ሪጀን አንሠራም ይላሉ። ትክክል ናቸው። አሉሚኒየም ቀስ እያለ አይጎብጥም፤ ይሰነጠቃል። የፊት ጎማ ደግሞ ወልቆ ሲሄድ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

ሌላው ትልቅ ነገር ባትሪው ነው። እንደ እኔ ከላይ ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ይህን ደጋግማችሁ አንብቡት። ሰው ሁሉ ባትሪ የሚሞላው ሌሊት ነው። ጠዋት ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከቤት ይወጣል። እኛ ደግሞ ከበር እንደወጣን የሚጠብቀን ቁልቁለት ነው። የሞላ ባትሪ ላይ ምን ይጨመራል? የእኔ ባትሪ በተከታታይ የተያያዙ 13 ረድፍ ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ 4.2 ቮልት ሲደርስ ሙሉ ነው፤ ድምሩ 54.6 ቮልት። ከዚያ በላይ መግፋት ሴሉን ያበላሻል፣ ሲብስም እሳት አለው።

ባትሪው ውስጥ ቢኤምኤስ የሚባል ጠባቂ ሰርኪዩት አለ። አንዳንዱ ቢኤምኤስ ባትሪው ሲሞላ ራሱን ይቆርጣል። ጥሩ ይመስላል። ግን ሪጀን እየያዘ ባለበት ቅጽበት ባትሪው ሲቆረጥ፣ የሚመነጨው ጉልበት መሄጃ ያጣል። ቮልቱ ይዘልላል፣ ኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል፣ የያዘላችሁ ፍሬንም በዚያው ይጠፋል። ሌላው ዓይነት ቢኤምኤስ ደግሞ ቻርጀር መግቢያውና ሞተር መውጫው ለየብቻ ነው። ሪጀን የሚገባው በሞተሩ በኩል ስለሆነ እዚያ ጋ «ሞልቷል» ብሎ የሚያስቆም ዘበኛ የለም። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ጠባቂው ኮንትሮለሩ ራሱ መሆን አለበት። ቮልቱ ከፍ ሲል ሪጀኑን ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ተደርጎ ይስተካከላል።

ልጁ ይህን አስተካክሎልኛል፤ ያስተካከለው ግን እኔ ጠይቄው ነው። ወደ ባትሪው የሚመለሰውን ከረንት 8 አምፒር ላይ ገደበው። 13 አምፒር ሰዓት ለሆነ ባትሪ ደህና ልክ ነው። ከዚያ ቻርጀሬን ከፍቶ ውስጡ ያለችውን ማስተካከያ በትንሽ ካቻቪቴ ዞር አደረጋትና በ53 ቮልት ገደማ እንዲቆም አደረገው። ባትሪው ከላዩ ጥቂት ባዶ ቦታ ይዞ ያድራል፤ ጠዋት የሚመጣውን የሚቀበልበት። ከሙሉ በታች መሙላት ለሴሎቹ ዕድሜም ጥሩ ነው። ሁለተኛው መፍትሔ ቢሮ መሙላት ነው፤ ጠዋት ጎደል ባለ ባትሪ ትወርዳላችሁ፣ ማታ ሞልቶ ትወጣላችሁ። መብራት በሰፈራችሁ እንደልቡ የሚጠፋ ከሆነ ይህኛው ይሻላችኋል።

ስንት ይመለሳል ታዲያ? ነጋዴዎች «ራሱን በራሱ ይሞላል» እያሉ ይሸጣሉ። ወሬ ነው። እስቲ እናስላው። ከእንጦጦ ማርያም መስቀል አደባባይ ድረስ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ትወርዳላችሁ። 110 ኪሎ ይዞ 600 ሜትር መውረድ በስሌት 180 ዋት ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ ንፋሱ፣ የጎማው ፍትጊያና የመዳቡ ሙቀት ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ግማሹ ከተመለሰ እሰየው ነው። ያንኑ መንገድ ስትወጡት ደግሞ ከ180 በላይ ትከፍላላችሁ። ሜዳ ላይማ ጭራሽ ተስፋ የለውም። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ትራፊክ መብራት ቢያስቆማችሁ፣ እዚያ ውስጥ ያለው ጉልበት በሙሉ አንድ ዋት ሰዓት አይሞላም።

ሳይክል አናሊስቱ የተመለሰውን በመቶኛ ያሳያል። በእኔ መንገድ፣ ደርሶ መልስ፣ ከ12 እስከ 15 ይጽፍልኛል። እሁድ እሁድ ወደ ሲኤምሲ ስሄድ ግን 5 አይሞላም። ይህን ብቻ አይቶ ብር የሚያወጣ ሰው ይናደዳል።

ፍሬኑ ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። 8 አምፒር በ50 ቮልት 400 ዋት ነው። መካከለኛ ቁልቁለት ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይዞ ለማውረድ ይበቃል። ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ ፓዱን የምነካው እግረኛ ሲገባብኝ ወይም ታክሲ ድንገት ሲቆም ነው። ዲስኩ አይግልም። ዝናብም ሞተሩን አይመለከተውም፤ እርጥብ ፓድ መጀመሪያ ላይ እንደሚያንሸራትተው ዓይነት ነገር የለውም። ከተገጠመ ወዲህ የኋላ ፓድ አልቀየርኩም፤ ክረምትም አልፎበታል። እኔ ብሩን ያወጣሁት ለዚህ ነው፣ አግኝቼዋለሁ።

ሙቀት እንዳይረሳ። ሪጀንም ሞተሩን ያሞቃል፣ ምክንያቱም ሲነዳም ሲይዝም ከረንቱ የሚያልፈው በዚያው መዳብ ነው። የሚሞቀው መዳብ ደግሞ መሃል ተቀምጧል፤ ከውጪው ቆብ የሚለየው ቀጭን የአየር ክፍተት ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ልጁ ሞተሩን ከፍቶ መዳቡ ላይ ሙቀት መለኪያ ለጠፈበት፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ማሳያው ይነግረኛል። ያው የካናዳው ድርጅት ስታቶሬድ የሚባል ጥቁር ፈሳሽ ይሸጣል። የብረት ብናኝ ስላለበት ማግኔቱ ይስበውና ክፍተቱ ላይ ይቀመጣል፣ ሙቀቱን ወደ ውጪው ቆብ ያሻግራል። የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ለማርሽ የለሹ ሞተር ብቻ ነው የሚሆነው። እኔ አላስገባሁም፤ ሽቅብ ከነጭነት የምትወጡ ግን አስቡበት።

ማርሽ ያለው ሞተር ያላችሁስ? ጓደኛዬ እዚሁ ቤት አሠርቶ ነበር። ሞተሩን ከፈቱ፣ ፍሪሲዮኑን በብየዳ ዘጉት። ከዚያ ወዲያ ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ይዞራል፣ ሪጀንም ይሠራል። ነገር ግን ውስጥ ያሉት የናይሎን ማርሾች የተሠሩት በአብዛኛው ለአንድ አቅጣጫ ግፊት ነው። ሲይዝ ያጉረመርማል። ሞተር ጠፍቶ ፔዳል መምታትም አይመቸውም፤ ማርሹን ከነሞተሩ በእግራችሁ ታዞራላችሁ። የተበየደ ነገር ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ልጁ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባ ነበር። ጓደኛዬ ብስክሌቱን ሜዳ መንገድ ላይ ነው የሚነዳው፤ ምን አገኘበት? ምንም። እኔ ብሆን «አያስፈልግህም» ብዬ እመልሰው ነበር። ለዚህ ነው ከአምስት ኮከብ አራት ብቻ የምሰጣቸው።

ሌላ ቅሬታ አለኝ። ቀጠሮ አያከብሩም። «ማክሰኞ ና» ማለት ከማክሰኞ በኋላ ባለው አንድ ቀን ና ማለት ነው። የሞተሩ ሽቦ ከዘንጉ በሚወጣበት ቦታ ውሃ እንዳይገባ በሲሊኮን መታሸግ ነበረበት፤ አልታሸገም፣ አስታውሼ አሳሸግኩት። ሽቦው ካቴናው አጠገብ እንዳይፈገፈግ በፕላስቲክ ማሰሪያ ራሴ አሰርኩት። ደረሰኝ አይሰጡም። በቃል ግን ይገኛሉ፤ ስደውል ያነሳሉ፣ የላላ ነገር ካለ ያለ ክፍያ ያጠብቃሉ።

ዋጋው፣ ለኮንትሮለሩ መግጠምና ማስተካከል፣ ለሙቀት መለኪያውና ለሁለቱ ማገጃ ብረቶች በድምሩ 11 ሺህ ብር ከፈልኩ። ኮንትሮለሩና ማሳያው ከውጪ ስለመጡ እዚህ ውስጥ የሉም፤ የእነሱ ዋጋ ከእጅ ሥራው በብዙ ይበልጣል። ሽቦ ብቻ አገናኝቶ መሄድ ለሚፈልግ ደግሞ ማገጃዎቹን ያሠራ እንጂ ሌላው እምብዛም ወጪ የለውም። ሜዳ ሰፈር ከሆናችሁ፣ ቦሌ ለቦሌ የምትመላለሱ ከሆነ፣ ይህን ገንዘብ ጥሩ ፓድና ደህና ጎማ ላይ አውሉት። ፈረንሳይ፣ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ያላችሁ ግን ሂዱ።

ስትሄዱ ቅዳሜን ተዉት፤ የወፍጮ ቤት ሰዎች ሞተራቸውን ይዘው የሚሰለፉበት ቀን ነው። ባትሪው ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንሱት። የቢኤምኤሱን ዓይነት የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁና ያዙ። ልጁ ሪጀኑን ከማስተካከሉ በፊት ስንት አምፒርና ስንት ቮልት ላይ እንደሚያቆመው ወረቀት ላይ አስጽፉት፤ እሱ ቢሰለችም አባትየው ጻፍላቸው ይሉታል።